ነጠላ የለበሰው ባሕር

ባሕር ያየ የአዲስ አበባ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል? የፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ ከጅቡቲ ባሕር ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ አውጥተው መጡና ሳሎናቸው ካለው የጨው ውሃ የዓሣ ገንዳ ውስጥ ከተቱት። ለጌጥ ነዋ።

በማግስቱ አንድ ዓሣ ጠፋ፤ ቀጥሎ ሌላ።

"የሰው ዓይን ነው" አሉ፣ እኔን እያዩ። ገንዳውንም በነጠላ ሸፈኑት። ከዚያ ወዲህ ከነጠላው ሥር ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር።

"ጋሼ፣ ድንጋዩ ውስጥ የሆነ ነገር ቢኖርስ?"

"ድንጋይ ዓሣ ይበላል እንዴ?"

ትናንት ነጠላውን ገለጡት። አንድም ዓሣ የለም። ከድንጋዩ ቀዳዳ እንደ ሸርጣን ዓይን በቀጭን ዘንግ ላይ የቆሙ ሁለት ዓይኖች ብቅ አሉ፤ አንዱ ወደ እሳቸው፣ አንዱ ወደ እኔ ዞረ።

ጋሽ ታደሰ ነጠላውን ቀስ ብለው መለሱት።

"በል ውጣልኝ" አሉኝ። "ይሄን እንኳ ሰው አይይብኝ።"