ከምጽዋ የመጣችው ሃምሳ አለቃ

«ወላሂ አዴ፣ ጠግቤያለሁ!»

«ጠገብኩ የሚባለው ከተበላ በኋላ ነው! ቁጭ በል!»

እናቴ ከእንግዳ ጋር የምትጣላው እንዲህ ነው። ሮቤ ውስጥ እንግዳን ጦሙን መሸኘት ነውር ስለሆነ፣ በምግብ መጣላት የሰላምታ ያህል ነው፤ ተጣልቶ የማይበላ እንግዳ አይቼም አላውቅ። ይኼኛው ጠብ ግን አላማረኝም። እንግዳው ሐሰን የጎባ ልጅ ነው፤ ለብሔራዊ ውትድርና ከታላቅ ወንድሜ ከጀማል ጋር ተወስዶ ምጽዋ የከረመ። ከገባ ጀምሮ ቅቤ የጠጣውን የጩምቦ ቂጣ አልነካም። የእናቴንም ዓይን አላየም።

«ጀማል ደህና ነው አልከኝ?»

«አልሐምዱሊላህ። ባለፈው ሳምንት ስንለያይ ይቺን ላከላችሁ።»

ከኪሱ የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ አወጣ። በውስጡ ባለው አልኮል ጣት የማታህል ዓሣ ተንሳፍፋለች። ጎኗ ላይ እንደ ማዕረግ የተደረደረ ጥቁር መስመር ስላላት ወታደሮቹ «ሃምሳ አለቃ» ይሏታል። ስለ እሷ ሲያወራ የሐሰን ምላስ ተፈታ።

«ባሕሩ ውስጥ ኮራል የሚሉት ድንጋይ አለ፤ ቤቷ እዚያ ነው። ይቺን አክላ፣ እንቁላሏ ጋ ስንጠጋ እኛን ትነክሳለች! ጀማል ‹ቁርጥ እናቴን› ይላል።»

እናቴ ሳቀች። ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም።

በእኛ አገር መርዶ በመንገደኛ አፍ አይነገርም። ሽማግሌ ሼኹ ቤት ተሰብስቦ በማለዳ በር ያንኳኳል። እስከዚያ ድረስ የሚያውቀው ሰው «ደህና ነው» እያለ መዋሸት አለበት። ደግ ሕግ ነው ይላሉ። ለዋሺው ጉሮሮ ግን ያሰበለት የለም።

እኔ ፈሪዋ አንድ ነገር ልበል ብዬ፣ ብልቃጡን አንስቼ፣ «ነጭ ናት እንዴ?» አልኩ።

«ኧረ ቢጫ ነበረች! ጀርባዋ የኑግ አበባ! አልኮሉ ነው በቆይታ ያነጣት፤ ክረምቱን ሙሉ እኔ ኪስ ውስጥ...»

አፉን ያዘ።

እናቴ የጩምቦውን ገበታ ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ክረምቱን ሙሉ? ባለፈው ሳምንት ሰጠኝ አላልክም፣ ኢልመኮ፣ ልጄ?»

ሐሰን ኮፍያውን አነሳ። እሷም «ብላ» ማለቱን ተወች። ሐሰን ተነስቶ ወጣ። በሩ ላይ ቆሜ በዓይኔ ተከተልኩት። የጎባ መኪና የሚቆመው በስተግራ ነው። እሱ በስተቀኝ ታጠፈ፤ ወደ ሼኹ ቤት።