ሹፌር የማያስፈልጋት መኪና እና የሸኮው ኩርባ

ሰዎች፣ ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ "ይሄ ሰውዬ ደግሞ ጀመረው" ትላላችሁ። ግን ስሙኝ!

ከሚዛን እስከ ቴፒ ሃያ ዓመት ሚኒባስ የነዳሁ ሰው ነኝ። ጉድጓዶቹን በስም እጠራቸዋለሁ። እነሱም አቤት ይሉኛል!

ራሷን የምትነዳ መኪና የመንገዱን ትራፊክ ልታጠና መጣች ሲባል፣ "ከእኔ ሌላ የመንገድ አማካሪ ማን አለ?" ብዬ ቀረብኩ። ዛሬ የሙከራ ቀኔ ነበር። ካለፍኩ ሥራው የእኔ ነው። ለሰፈሩ ሁሉ አውጄ ጨርሻለሁ።

ገባሁ። በዕድሜ ልጄ የምትሆን ኢንጂነር መሪው ጋ ተቀምጣለች። እጇ ግን ጭኗ ላይ!

መሪው ብቻውን ይዞራል።

በስመ አብ!

የሚያልፈው ሁሉ ስክሪኑ ላይ ይሳላል፤ ባጃጁ፣ ሞተሩ፣ ሙዝ የጫነው አይሱዙ፣ ፍየሏ ሳትቀር! መንገዱ የት እንደሚፈጥን፣ የት እንደሚጨናነቅ መኪናዋ ትመዘግባለች። አንድ በሬ መሃል አስፋልት ላይ ቆሞ ሲያስብ፣ እሷም ቆማ ጠበቀችው። ጩኸት የለ፣ ግልምጫ የለ! እንደዚህ ያለ ጨዋ ሹፌር በዕድሜዬ አላየሁም። እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረው።

ሸኮ ልንደርስ ስንል፣ መኪና ሁሌ የሚሰለፍበት ያ ኩርባ መጣ።

"ጋሼ፣ እዚህ ጋ ለምንድን ነው የሚጨናነቀው?" አለች ኢንጂነሯ።

ፈተናዬ!

"ጉም ነው" አልኩ በሙሉ ልብ። "የዚህ አገር ጉም ዝሆን ይደብቃል!"

ፀሐይዋ ግንባር ትበሳለች። ጉም የሚባል የለም።

መኪናዋ ቀስ አለች። ቆመች። ከፊት የሚመጣውን አይሱዙ አሳለፈች። ስክሪኑ ላይ የአስፋልቱን ግማሽ የሸፈነ ቀይ ሳጥን ተሳለ። ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ ስንት መኪና እንዳስቆመ ሁሉ ለቀመችው።

የተሰጣ ቡና!

"ጉም..." አለች ኢንጂነሯ ቀስ ብላ።

ይሄኔ ከመንገዱ ዳር ሚስቴ ብድግ አለች።

"አንተ! አማካሪ ሆንኩ ብለህ ቡናህን ለኔ ጥለህ ትሄዳለህ? ና ውረድና አገላብጥ!"

መስኮቱ ደግሞ ክፍት ነው፤ አያችሁልኝ?

ኢንጂነሯ ሳቋን ዋጠች። "ጋሼ፣ ሪፖርቱ ላይ 'አማካሪ' በሚለው ሥር ላስገባዎት ነበር። አሁን ግን 'መንስኤ' በሚለው ሥር ነው የሚገቡት።"

ወረድኩ። መኪናዋ ፍሬቻ አብርታ፣ አንዲት ፍሬ ሳትረግጥብኝ ዞራ አለፈች። መሬት ላይ ተቀምጬ ከዓይኔ እስክትጠፋ አየኋት። እንዴት ያለች ፍጡር ናት!

ሥራው ቀረ።

እውነቱን ልናገር? እዚያ ኩርባ ላይ ቡና ማስጣት ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። አስፋልት ቶሎ ያደርቃላ! ተሳፋሪዎቼ "ማን ነው መንገዱን የዘጋው?" ብለው ሲራገሙም፣ ከሁሉም አብልጬ የምራገመው እኔ ነኝ።