በምርቃና ያሳደግናት ልጅ

በምርቃና ሰው የማይሠራው ነገር የለም። አንዱ ፎቅ ያቆማል፤ ሌላው ከሮቢት እስከ ዋጃ ያለውን ሜዳ በመስኖ ያለማል። ሲበርድለት ግን ያው የኪራይ ቤቱ ውስጥ ነው። ቅማችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ካልቃማችሁም ጎረቤት አላችሁ። እኔንና ባለቤቴን ፎቅ አላማረንም። እኛ ልጅ አሳደግን።

ከደብረ ማርቆስ በመምህርነት ተመድቤ ቆቦ ከመጣሁ በኋላ ነው የአገሩን ልጅ፣ የግብርና ባለሙያውን ሲሳይን ያገባሁት። ልጅ ስንጠብቅ ዓመታት ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲያይል በራችንን ገርበብ አድርገን እንቅማለን፤ ሞቅ ሲለን ልጃችን ትመጣለች። ሴት ናት። ግንባሯ የሲሳይ፣ አፏ የእኔ። ትምህርት ቤት አስገብተናታል፤ በሒሳብ ሰንፋ ተቆጥተናታል፤ አንድ ቀን እንዲያውም ለማን እንደምንድራት ሳንስማማ ተኮራርፈን አድረናል።

ሐኪም ዘንድ ስንሄድ «ትቅማለህ?» ተብሎ የተጠየቀው ሲሳይ ብቻ ነው። ሴት ትቅማለች ብሎ ማን ያስባል። «እኔም እቅማለሁ» አልኩት። ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝና ጫት ሁለታችንን እኩል እንደማይነካን አስረዳን፤ የወንዱን ሆርሞንና ዘር ሊያዳክም፣ የሴቷን ደግሞ የወር አበባ ሊያዛባ ይችላል። የእኔ መዛባት ከዚሁ ይሆን ወይ ስለው፣ «የሴቶቹ ገና በደንብ አልተጠናም፤ ለጊዜው ሁለታችሁም ተውት» አለ። መካን ለመባል እኛ ሴቶች ሁልጊዜ ቀዳሚ ነን፤ ለመጠናት ግን ወረፋው ገና አልደረሰንም።

ተውነው። ልጅቷም አብራ ሄደች። ከሰዓቱ አልመሽ አለን፤ ሲሳይ ስለ እሷ አያነሳም፣ እኔም አላነሳም። ናፈቀችኝ። ያልወለዱት ልጅ ናፈቀኝ ተብሎ ለማን ይነገራል?

በዚህ መሃል ጎረቤታችን እትየ ዘሃራ ልጅ እንዲሰጠን ብለው ዱዓ አስደረጉልን። የወሎ ዱዓ ደግሞ ያለ ጫት አይሆንም። ሰዉ ተሰበሰበ፣ ጫቱ ተመረቀ፣ መጀመሪያም ለእኛ ተዘረጋ። ሲሳይ አንገቱን ደፍቶ ሐኪሙ ያለንን ነገራቸው። እትየ ዘሃራ ትንሽ አሰቡ።

«አብሽሩ፣ እናንተ ተውት» አሉ። «እኛ እንቅምላችኋለን።»

ቃሙልን። እኛ በደረቅ አፋችን መካከላቸው ተቀመጥን። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው «ያረብ፣ ወንድ ልጅ ስጣቸው» ሲሉ ሰዉ ሁሉ አሚን አለ። ሲሳይ ግን ለራሱ የሚያወራ ይመስል፣ «ሴት ናት» አለ።

ዓይን ሁሉ ወደ ሆዴ ዞረ።

«አርግዘሻል እንዴ ልጄ?» አሉኝ እትየ ዘሃራ።

«ኧረ ገና ነው» አልኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ። «ግን ሴት ናት።»