ደረት የሚያየው ሙሽራ

ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር ይባላል። ይህን ያለው ሰው ዳላስን ሳያይ መሞቱ ያሳዝናል። ወሎ ውስጥ ሽማግሌ ሲላክ፣ የልጁ አያት በጎረቤት ማሳ ከብት ለቆ እንደነበር ሳይቀር ይታወቃል። አንድ ቀን ገበያ ወጥቶ መጠየቅ ይበቃል። እዚህ ማንን ትጠይቃላችሁ? ጎረቤቱ ሳትተዋወቁት ዕቃውን ጭኖ ሄዷል። ሥራህ ምንድነው የተባለ ሁሉ ደግሞ "ሜዲካል ውስጥ ነኝ" ይላል። አልጋ የሚገፋውም፣ አንሶላ የሚያጥበውም፣ በሽተኛ በቫን የሚያመላልሰውም ሜዲካል ነው። ሁሉም የተከበረ ሥራ ነው፤ እኔ ምንም አላልኩም። የሚጠረጥረው አባዬ ነው።

አባዬ ኤርፖርት ውስጥ መንገደኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳል። ጋርላንድ ያለው ቤታችን ፎቅ ላይ ስለሆነ፣ ደረጃው መሃል ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ ስልኩን ያያል። ስልኩ ላይ ምንም የለም። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ስምንተኛ ክፍልን እንደምንም ጨርሼ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ እንግዳ ፊት አፌን ከፍቼ አላውቅም፤ አፉን የዘጋ ሰው ደግሞ ለማየት ጊዜ አለው።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሰይድ ሽማግሌ ሆነው ታላቅ እህቴን ዘይነባን ከድር ለሚባል ልጅ ሊጠይቁ ከጎረቤት ከተማ ከሮውሌት መጡ። በደንቡ ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይመጣም። ግን ጋሽ ሰይድ ሃይዌይ መንዳት ይፈራሉ፤ ስለዚህ ሙሽራው የገዛ ሽማግሌውን ራሱ ጭኖ አመጣ። መኪናው ውስጥ ሊጠብቅ ነበር ሐሳቡ። እማዬ በመስኮት አየችውና፣ "በዚህ ሙቀት! ልጁ ይቀቀል እንዴ?" አለች። አባዬ ሊቀበላቸው ወረደ። ሲመለስ እንደ ልማዱ ደረጃው መሃል ቆሞ ስልኩን አየ። ከኋላው ከድርም ቆመ።

ሙሽራ አማቹ ፊት ሲቀርብ ዓይኑ ምንጣፍ ላይ ነው የሚውለው። ይሄኛው ግን የአባዬን ደረት ያያል። ሻይ ይዤ ስገባ ያያል፤ ስወጣም ያያል። ሰው ሲያየው ደግሞ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰዓት ይሰዳል። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

"ሥራህ ምንድነው?" አለ አባዬ።

"ሬስፒራቶሪ ቴራፒስት ነኝ። ማለቴ... መተንፈስ ያቃተውን ሰው በማሽን እንዲተነፍስ አደርጋለሁ። ሲሻለው ከማሽኑ አላቅቀዋለሁ።"

"ትንፋሽ የሚሰጠው አላህ ነው።"

"ልክ ነው አባባ። እኔ ቱቦውን ነው የምይዘው።"

"ላይሰንስ አለው!" አሉ ጋሽ ሰይድ ቶሎ ብለው። "ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ ስቴቱ የሰጠው! ያለሱ በሽተኛ አያስነኩትም።"

"እናጣራለን" አለ አባዬ።

ድሮ ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር ነበር። እኛ እንግዶቹ ሲሄዱ በስቴቱ ዌብሳይት ቆጠርን። ፈቃድ ያለው ሰው ስም እዚያ ለማንም ክፍት ነው። እኔ ስልኬን ያዝኩ፤ አባዬ በአንዱ ትከሻዬ፣ እማዬ በሌላው፣ ዘይነባ ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ ሆኑ። በአባቱ ስም ፈለግሁት፤ የለም። የአባዬ ፊት በራ። በአያቱ ስም ፈለግሁት፤ ብቅ አለ። ፈቃዱ አክቲቭ ነው፣ ቅጣት የለበትም።

"ይሄስ ቀን ምንድነው?"

"የሚያልቅበት ቀን ነው። በየጊዜው ያሳድሳል።"

"እንደ ወተት!" አለ አባዬ። "ልጄን የሚያልቅበት ቀን ለተጻፈበት ሰው ልስጥ?"

"ያንተስ መንጃ ፈቃድ አያልቅም?" አለ በሩ።

የአባዬ የአውቶቡስ መንጃ ፈቃድ ሐኪም ሳይመረምረው አይታደስም፤ ቀኑም እየቀረበ ነበር።

በማግስቱ ጋሽ ሰይድ መልስ ለመስማት ደወሉ። አባዬ ስፒከር ላይ አደረጋቸው።

"ወንድሜ፣ ላይሰንሱ ደህና ነው። ዓይኑ ግን አላማረኝም። ደረቴ ላይ ምን ፈልጎ ነው? ኪሴን ነው?"

የከድር ድምፅ መጣ። ለካ ዛሬም ሾፌሩ እሱ ነው።

"ይቅርታ አባባ። ሰዓቱን እያየሁ ትንፋሽዎን ነው የቆጠርኩት። ሰው እየተቆጠረበት እንደሆነ ካወቀ አተነፋፈሱን ይለውጣል፤ ስለዚህ ሰርቀን ነው የምናየው። ደረጃው ላይ ደረትዎ ሲር ሲር ሲል ሰማሁና... ልማድ ሆኖብኝ ነው።"

እማዬ አባዬን አየችው። አባዬ ስልኩን አየ። በዚህ ጊዜ ስልኩ ላይ ሰው ነበረ።

"ለመሥሪያ ቤቴ ትናገራለህ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"አልናገርም። ግን ሐኪም ሳያዩ እሺታዎን አልቀበልም።"

"ምን አልክ?"

"ዘይነባን ቢሰጡኝም አልቀበልም አባባ።" ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ የሆነ ነገር ወደቀ።

ጋሽ ሰይድ ሳቁ። "እንግዲህ ወንድሜ፣ እናንተ አጣርታችኋል፤ እኛም እናጣራ!"

አባዬ ሲነጫነጭ፣ ሲነጫነጭ ሰንብቶ ሐኪም ዘንድ ሄደ። አስም ነው ተባለ። በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጡት፤ መንጃ ፈቃዱም ታደሰ፤ ዘይነባም ተዳረች።

አሁን ከድር ቤታችን ሲመጣ በደንቡ ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ያሳርፋል። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ደረት፣ ከደረት ወደ ሰዓቱ። አባዬም እንዳላየ ሆኖ፣ ዙፋን ላይ የተቀመጠ ይመስል፣ ዝግ ብሎ በክብር ይተነፍሳል። አማቹ ወጥቶ በሩ ሲዘጋ ግን አንድ ትልቅ ትንፋሽ ይለቅና ወደ እኔ ይዞራል።

"እስቲ ያንን ዌብሳይት ክፈቺው። እንዳላለቀበት እዪልኝ።"