አልድን ያለው ጀርባ

እጅ ብዙ ጉድ አለው። ይህን የምለው ፋጡማ ካወራችኝ ወዲህ ነው። ፋጡማ ካርቲየ ሰባት ቢስ በሚባለው ሰፈር ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፤ ፊዚዮቴራፒ፣ ያው በእጅ እያሹ ማከም የሚማሩበት ቤት፣ ወለል ትወለውላለች። ወለል የሚወለውል ሰው የማይሰማው የለም። እሷ ያመለጣትን ደግሞ እኔ እሞላዋለሁ።

እዚያ ቤት ሽቦ የተሰፋበት ጓንት መጣ። ጓንቱን አጥልቀው የሰው ጀርባ ሲጫኑ የእጃቸው ኃይል ስክሪን ላይ መስመር ሆኖ ይሄዳል፤ የለማጅና የአዋቂ እጅ ልዩነት በዚህ ይለካል ተባለ። የአስተማሪዋ የማዳም ሐዋ መስመር የባቡር ሐዲድ ነው። የተማሪው የዳሂር ግን ፍየል የወጣችበት ዳገት።

ለዚህ ሁሉ የታመመ ጀርባ ያስፈልጋል። ፋጡማ እቴነሽን ወሰደቻት፤ አምቡሊ ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ የምታድር የወሎ ልጅ ናት፤ ባልዲ ስታነሳ ወገቧን ይዟታል። እስኪሻላት በእረፍቷ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ትምጣ፣ ሲሻላት ሌላ ሰው ይተካ ተባባሉ።

ዳሂር አማርኛ አያውቅም። ግን ከፋጡማ አንዲት ቃል ተምሮ በተጫነ ቁጥር «ያምሻል?» ይላታል። ይህ ምን ይደንቃል ትሉ ይሆናል። አራት ዓመት ሰው ቤት ኑሩና ንገሩኝ። «ጨረስሽ?» የሚል ሞልቷል። ከአገሯ ከወጣች ወዲህ የሰው እጅ በወጉ ያረፈባት እዚያ አልጋ ላይ ብቻ ነው። በስድስተኛው ሳምንት ድና ነበር፤ ለፋጡማ ሹክ ብላታለች። ለዳሂር ግን ያው «ያመኛል» ነው። እንዳትተካ ፈርታ።

ማሽኑ አላወቀባትም። የሚለካው የሚጫነውን እጅ እንጂ የተኛውን ሰው አይደል!

አንድ ሐሙስ ማዳም ሐዋ ዳሂርን ልታርመው ገፋ አድርጋ እቴነሽ ወገብ ላይ እጇን አሳረፈች። ዳበሰችው። ድሬዳዋ ያደገች ሴት ናትና ጎንበስ ብላ በአማርኛ፣

«መቼ ነው የዳንሽው፣ የኔ እናት?» አለቻት።

እቴነሽ ፊቷን ትራሱ ውስጥ ቀበረች። ፋጡማ የወለወለችውን ወለል ደግማ ወለወለች። ማዳም ቀና ብላ ለዳሂር በፈረንሳይኛ የሆነ ነገር አለችው፤ ፋጡማ እንደፈታችልኝ፣ «ገና ናት፤ ቀጥል፤ ቀስ እያልክ» ነው። መዝገቡም ላይ አልተሻላትም ብላ ጻፈች።

ከሁለት ወር በኋላ ልኬቱ አለቀ፤ ጓንቱም ወደመጣበት ተመለሰ። ዳሂር ተመርቆ ሌላ ከተማ፣ ታጁራ ተመደበ። ማዳም ሐዋ ጡረታ ወጣች። ፋጡማ እዚያው ትወለውላለች። እቴነሽ አምቡሊ እዚያው ቤት ናት፤ ሐሙስ ከሰዓት በእረፍቷ አሁን የትም አትወጣም።