ሰማይ ላይ በቃኝ ያለው ጉልላት

ትናንት በሕልሜ ሰማይ ላይ ነበርኩ። በአውሮፕላን አይደለም፤ በቢሮ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፣ ከነጠረጴዛዬ እየበረርኩ።

ሥራዬን ካልነገርኳችሁ ሕልሙ አይገባችሁም። የአየር ኃይል ሃምሳ አለቃ ነኝ፤ መንበሩ እባላለሁ። ነዳጅ ጫኟ አውሮፕላን እየበረረች ሳለ ተዋጊ ጄቶች ከኋላዋ ይጠጉና በቧንቧ ይሞላሉ። ቧንቧውን የሚቆጣጠረው ጓደኛዬ ሃምሳ አለቃ ጉልላት ለማን ስንት ኪሎ እንደሰጠ ጉልበቱ ላይ ባሰራት ወረቀት በእርሳስ ይጽፋል። ሲያርፍ ወረቀቱን ያመጣልኛል፣ እኔ ወደ መዝገብ እገለብጣለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት እንዲህ ሠራን። ባለፈው ሳምንት ግን ሁሉንም ራሱ የሚመዘግብ መሣሪያ መጣና አውሮፕላኗ ላይ ተገጠመ።

በሕልሜ ነገሩ ሁሉ ተገልብጧል። የምንበረው እኛ ጸሐፊዎቹ ነን። ተዋጊ ጄቶቹ መነጽር አድርገው ምድር ላይ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠዋል። አንደኛው ክንፉ በበሩ አላስገባው ብሎ ደጅ ቆሞ በመስኮት ነበር የሚጽፈው። ሰማይ ላይ የቀረችው ነዳጅ ጫኟ ብቻ ናት። አሮጊት ሆናለች፤ ሁላችንም እትዬ ዘነቡ እንላታለን። ሆዷ ውስጥ ነዳጅ ሳይሆን ትኩስ አጥሚት አለ። መብረር ያደከመው ከኋላዋ ይጠጋና አፉን ይከፍታል። ግንባሯ ላይ ግን መሣሪያው ተለጥፏል፤ ድምፁ የባንክ ተራ የሚጠራውን ይመስላል።

መሣሪያው መጀመሪያ እኔን፣ ርቦህ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩ። ቧንቧው መጣ፣ ጠጣሁ። “መንበሩ፣ አራት ሊትር” አለና መዘገበ።

ቀጥሎ ጉልላት መጣ። ወንበሩ አንድ እግር ጎድሎት ወደ ታች ያዘነብላል። ከንፈሩ ደርቋል፤ ከረቡዕ ጀምሮ አልቀመሰም። መሣሪያው እንዴት ነህ አለው።

“ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።”

መሣሪያው ደህና ብሎ መዘገበ። አጥሚት ልስጥህ ወይ አለው።

“ኧረ በቃኝ።”

ጠግቧል ብሎ መዘገበና ቧንቧውን ሰበሰበ።

ጉልላት በእውኑም እንዲሁ ነው። እቤቴ ሲመጣ ሦስት ጊዜ ካልተለመነ እጁን ወደ ገበታው አይሰድም። ስለዚህ ሰውዬው ርቦታል፣ ይሉኝታ ይዞት ነው ብዬ ጮህኩ። መሣሪያው ቅጹን ከላይ እስከ ታች አየና ይሉኝታ የሚል ክፍል የለም አለኝ። እትዬ ዘነቡ፣ ልጄን ብለምነው ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን አፌን ለመሣሪያው አስረክቤያለሁ ብላ አለቀሰች።

የጉልላት ወንበር መውረድ ጀመረ። ከጎኑ ወረድኩና አዎ በል፣ አንድ ጊዜ ብቻ አዎ በል አልኩት። እሱ እየወደቀ፣ እኔ ምንም አልሆንኩም፣ ሌሎቹን አስቀድሙ ይለኛል። ዛፎቹ መታየት ጀመሩ። ያኔ የቀረኝን አንድ ቃል ተናገርኩ።

“ጉልላት፣ በሞቴ ቅመስ።”

ይህን እምቢ ማለት አልቻለም። አፉን ከፈተ። መሣሪያው ግን ወደ እኔ ዞረ።

“ሞት ተመዝግቧል። የማን ነው?”

“የእኔ።”

“በስንት ሰዓት?”

ሰዓቴን አየሁና አራት ከሩብ አልኩ። ወዲያው ቧንቧው ተዘረጋ። ጉልላት አሥራ አንድ ሊትር ጠጣ። ፊቱ ወዛ፣ ወንበሩ ቀና ብሎ ደመናውን አልፎ ወጣ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ የእኔ ወንበር ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ለሟች አጥሚት አይሰጥም ተባለ።

መውደቅ ጀመርኩ። ታች ጄቶቹ ድንኳን ጥለው ለለቅሶ ተቀምጠዋል። በመስኮት ሲጽፍ የነበረው አንገቱን ደፍቶ፣ ደግ ሰው ነበር፣ የእጅ ጽሑፉ ብቻ ነበር የማይነበበው ሲል ሰማሁት። ቀና ስል ጉልላት ወንበሩን አዙሮ እየተምዘገዘገ ይከተለኛል። “መንበሩ፣ በሞቴ ተመለስ!” ይላል። መሣሪያው የእሱንም ሰዓት መጠየቅ ሲጀምር ከምድር ጋር ተላተምኩ።

ነቃሁ። ባለቤቴ ስንዱ ስልኩን ይዛ ትከሻዬን ትነቀንቀኛለች። ከጧቱ ሁለት ሰዓት ነበር። የደወሉት አለቃዬ ኮሎኔል ይርጋ ናቸው። ነዳጅ ጫኟ ትናንት ከቀትር በኋላ ለሙከራ ያለ ተዋጊ ጄት፣ ጉልላትን ይዛ በርራ ነበር፤ አዲሱ መሣሪያ አራት ሺህ ኪሎ ነዳጅ አየር ላይ ተሰጥቷል ብሎ መዝግቧል አሉኝ። ጉልላት ቧንቧውን አልነካሁም፣ ከኋላችን ከአንድ ነጭ ደመና በቀር ማንም አልነበረም ብሎ ምሏል። ታንኩ ሲለካም ሙሉ ሆኖ ተገኝቷል።

“ታዲያ መሣሪያው ተሳስቷላ፣ ጌታዬ” አልኩ።

“ሪፖርቱ እኮ ወደ ላይ ሄዶ ጸድቋል” አሉኝ። “የቀረው የተረካቢ ፊርማ ነው። ጉልላት ደመናውን ሲያየው እለየዋለሁ ብሏል። ቅጹን ይዘህ ቶሎ ድረስ፣ ሳይበተን።”