ጠበቃ ያጣው ባለ ፒክአፕ

ትናንት ሌሊት ፍርድ ቤቱ ወደ ቤቴ ሲመጣ አየሁ፤ በሕልሜ ነው። ሕንጻው አይደለም የመጣው፣ ሰዎቹ ናቸው። ዳኞች፣ ጸሐፊዎች፣ ጥቁር ካባቸውን የደረቡ ጠበቆች ከአጥሬ በር እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ተሰልፈው ነበር። የደከማቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሁሉም እኔን ነበር የሚጠብቁት።

ሕልሙ ያለ ነገር አልመጣም። እኔ ደጀኔ ጋሪ ነጂ ነኝ። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው ቦራ ብለን የምንጠራው ፈረስ አለኝ። በአንድ የገበያ ቀን ጋሪዬን ዳር አስይዤ ቆሜ ሳለሁ አቶ ጌጡ የሚባሉ የእህል ነጋዴ ፒክአፓቸውን ወደ ኋላ እየነዱ መጥተው ገጩን። ቦራ የሚጠመድበት የጋሪው እንጨት ተሰበረ፤ እሱም ትከሻው ላይ ቆሰለ። የመኪናው የኋላ መብራት ረገፈ። እኔ ፈረሴን ሳስታምም እሳቸው ቀድመው ከሰሱኝ፤ ጋሪው ያለ ቦታው ቆሞ ገጨኝ አሉ። ቆሞ የሚገጭ ጋሪ መኖሩን የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ከተፈረደብኝ ግን የሚሸጥ ነገር ቢኖረኝ ያው ጋሪውና ቦራ ናቸው፤ የልጆቼ ጉሮሮም የሚዘጋው ከእነሱ ጋር ነው።

ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ መክፈል ለማይችል ሰው በነጻ ጠበቃ የሚያቆም ክፍል አለ ሲሉኝ ሄድኩ። በሩ ላይ የተቀመጠው ባለ መነጽር ጸሐፊ ምን ንብረት እንዳለኝ ጠየቀኝ። ፈረስና ጋሪ አልኩት። ይህ ለድሃ ነው፣ አንተ ባለንብረት ነህ ብሎ መለሰኝ። ልወጣ ስል ከውስጥ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ጠሩኝ። ወይዘሮ አስካለ ይባላሉ፤ የዚያው ክፍል ጠበቃ ናቸው። አስቀምጠው ኑሮዬን ሁሉ ጠየቁኝ፤ ቤቱ የማን እንደሆነ፣ ልጆቼ ምን በልተው እንደሚያድሩ፣ የቦራን ቁስል ሳይቀር። ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞረው፣

«ሰው የሚበላበትን ሸጦ ጠበቃ ይቅጠር አይባልም። እኚህ ሰው ይገባቸዋል» አሉት።

ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ስማቸው ሲነሣ ከተቀመጥኩበት ብድግ እላለሁ። የችሎት ቀጠሯችን ለዛሬ ጠዋት ነበር። በዚህ ሐሳብ ተኝቼ ነው እንግዲህ ያን ሁሉ ሰልፍ ያየሁት።

በሕልሜ ባለቤቴ ትርንጎ በሩ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣ ተራ ታስከብራለች። ባለ መነጽሩ ጸሐፊ ከፊት ነበር። ጎንበስ ብሎ ጌታው ገብተው እንደሆነ ጠየቃት። ቁርስ ላይ ናቸው አለችው። ጥቂት ቆየና ደግሞ ጠየቃት።

«ሲስተም የለም» አለችው። «ነገ ተመለስ።»

እሺ ብሎ ወደ ሰልፉ ጭራ ሄደ። አንጀቴን በላው፤ ትንሽ ደስም አለኝ።

በዚያ የሕልም አገር የሚለመነው ጠበቃ ሳይሆን ጠበቃው ራሱ ነው ለማኙ። ለድሃ ሰው መከራከር ትልቅ ማዕረግ ስለሆነ እያንዳንዱ እንደሚገባው ማስረዳት አለበት። አንዱ ጠበቃ የወርቅ ሰዓት አስሮ ቀረበ። ትርንጎ ምን ንብረት እንዳለው ጠየቀችው። ሰዓትና መኪና ብሎ መለሰላት። እንግዲያው ይህ ለአንተ አይደለም አለችው። አንዲት ትንሽ ክርክር ብቻ ስጭኝ፣ የድንበርም ብትሆን ብሎ ለመናት፤ አልሰማችውም። ሌላው ደግሞ በአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ፀሐይ ሲመታኝ ውያለሁ ብሎ ምስክሮች አመጣ። ሲጠየቁ አንደኛው ፀሐይ ነበር አለ፣ ሁለተኛው የለም ዝናብ ነበር አለ። እሱም ተመለሰ። ሲሄድ ዐይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ድንገት ሰልፉ ለሁለት ተከፈለ። ዳኞቹ ሳይቀሩ ወደ አጥሩ ተጠግተው መንገድ ለቀቁ። ወይዘሮ አስካለ እየመጡ ነበር። የጫማቸው ተረከዝ ወደ አንድ በኩል አልቋል፤ አቧራው እስከ ጉልበታቸው ወጥቷል። ትርንጎ ምንም አልጠየቀቻቸውም። ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችላቸው። እሳቸው ግን አልተቀመጡም። ቀጥ ብለው ቦራ ወደታሰረበት ሄዱና ትከሻውን እያዩ እንዴት እንደሆነ ጠየቁት።

«ሲመሽ ይጠዘጥዘኛል» አላቸው ቦራ።

ፈረሴ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ለምን ለእኔ አልነገርከኝም አልኩት።

«ማን ጠየቀኝ?» አለኝ።

የምንሄድበት ሰዓት ደረሰ። ቦራ ጋሪው ላይ ወጥቶ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ፤ ወይዘሮ አስካለን አጠገቡ አስቀመጠ። እኔ እንጨቱ ሥር ገባሁ። የተሰበረውን ቦታ በሽቦ ጠምጥሜው ስለነበር የሽቦው ጫፍ ትከሻዬን ይወጋኛል። በመንገዱ ላይ ሌሎች ጋሪ ነጂዎችም ፈረሶቻቸውን አስቀምጠው እየጎተቱ ያልፋሉ፤ ሰላምታ ተለዋወጥን። ማንም አልገረመውም። ዳገቱ ላይ ስንደርስ ጋሪው ከበደኝና ቆምኩ። ቦራ ከላይ ሆኖ አይዞህ፣ ቀስ በል ይለኛል። ወዲያው ጋሪው ሲቀልለኝ ተሰማኝ። ዞር ብዬ ሳይ ወይዘሮ አስካለ ወርደው፣ ካባቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው፣ ከኋላ ይገፋሉ። ይተዉ ብላቸውም አልተዉም። እንዲህ ያለ ሰው ከኋላዬ ካለ የትኛውም ዳገት አያቅተኝም ብዬ አሰብኩ።

ችሎቱ የተሰየመው ከብት ተራ ነበር። ከብቶቹ ገዥዎች ሆነዋል፤ ሰዎቹ በገመድ ታስረው ቆመዋል። አንዲት ፍየል የአንዱን ነጋዴ ከንፈር ገልጣ ጥርሱን አየችና አልተስማማትም መሰል ትታው ሄደች። ዳኛዋ ነጭ በግ ነበረች። በዚያ አገር ባለጉዳይ ይቀመጣል፣ ዳኛ ይቆማል። እኛ ተቀመጥን፤ በጓ ቆመች።

አቶ ጌጡ መሐል ላይ ነበሩ። ማዳበሪያ ለብሰዋል፣ ጫማ የላቸውም። ጠበቃ የለኝም እያሉ ይምላሉ፣ ይገዘታሉ። እውነታቸውን ነበር። የዚያ አገር ጠበቆች የሚቆሙት ለሌለው ሰው ብቻ ነው፤ ያለው ሰው በገንዘቡም በልመናውም ጠበቃ አያገኝም። በጓ ድሃ መሆንዎን ያስረዱ አለቻቸው።

«ሁለት መጋዘን ብቻ ነው ያለኝ» አሉ አቶ ጌጡ።

ከብት ተራው በሳቅ አወካ። ፒክአፑ ቀርቦ ይመስክርልኝ አሉ። ፒክአፑ በአንድ መብራቱ እያየ፣ ዘይት እያነባ፣ ጌታዬ የሚበሉት የላቸውም ብሎ መሰከረ። ያመነው አልነበረም። በጓ እንግዲያው ያለ ጠበቃ እፈርዳለሁ አለችና ማኅተም የታሰረበትን ሰኮናዋን አነሣች። እልል ተባለ። እኔም እጄን ለጭብጨባ ዘርግቼ ነበር።

ወይዘሮ አስካለ ተነሡ።

«ክብርት ዳኛ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ። «ሰውየው ብቻቸውን ናቸው። የሚናገርላቸው በሌለበት ሊፈረድባቸው አይገባም።»

 እኔ የካባቸውን ጫፍ ይዤ ጎተትኳቸው። እርስዎ የእኔ አይደሉም ወይ አልኳቸው። ጎንበስ አሉልኝ።

«የእርስዎ ነኝ አቶ ደጀኔ። ከእርስዎ ጎን ንቅንቅ አልልም» አሉኝ። «ግን በቢሮዬ በር ላይ የቆሙ ዕለት ጉልበትዎ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። እስቲ የእሳቸውን ይዩ።»

አየሁ። የአቶ ጌጡ ጉልበት ብርድ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጥ ነበር። በጣም ተናደድኩ። ንዴቱ ሳይበርድልኝም ኮራሁባቸው። እኚህ ሴት ለእኔ የቆሙት አሳዝኛቸው ብቻ አልነበረም፤ ሰው ብቻውን መቆም የለበትም ብለው ነው። ያን ቃል ለእኔ ተናግረው ለጠላቴ ሲሆን ቢውጡት ኖሮ ለእኔም የተናገሩት ውሸት ይሆን ነበር። ይህን ሳስብ ልቤ ሙልት አለ። የያዝኩትን ካባ ለቀቅኩት።

በጓ ሰኮናዋን አወረደች። ለሰውየው ማን ይቆምላቸዋል ብላ ጠየቀች። ባለ ወርቅ ሰዓቱ ጠበቃ ሰዓቱን አየ። ባለ መነጽሩ ጸሐፊ መነጽሩን መጥረግ ጀመረ። ፍየሎቹ እንኳ ማመንዠካቸውን አቆሙ። ማንም አልተነሣም። አቶ ጌጡ አንገታቸውን ደፉ።

ያን ጊዜ ጋሪዬ ሲንቋቋ ሰማሁ። ቦራ ወረደ። በቁስሉ በኩል እያነከሰ፣ የታሰሩትን ሰዎች እያለፈ ሄዶ አቶ ጌጡ አጠገብ ቆመ። ትከሻው ላይ ያለው ሰንበር ለሁሉም ይታይ ነበር። አቶ ጌጡ ሊያዩት አልደፈሩም። እሱ ግን ጠጋ ብሎ አፍንጫውን ክንዳቸው ላይ አሳረፈና ወደ ዳኛዋ ዞረ።

«ክብርት ዳኛ» አለ ቦራ። «እኚህን ሰው ከእኔ ይልቅ በቅርብ ያየ የለም። የገጩኝ ዕለት—»

ትርንጎ ትከሻዬን ይዛ ነቀነቀችኝ።

ተነሥ፣ ነግቷል፣ ቀጠሮው ሊያልፍ ነው አለችኝ። ከተማው ውስጥ ነዳጅ ጠፍቶ ባጃጁ ሁሉ ማደያ ተሰልፏል፤ ወይዘሮ አስካለ በእግራቸው መጥተው፣ አብረን እንድንሄድ ብለው ጋሪው ላይ ወጥተዋል አለችኝ። ሱሪዬን እየታጠቅኩ ቦራን ልጠምደው ወደ በሩ ሮጥኩ። ክንዴን ያዘችኝ።

«ቆይ፣ ሌላም ሰው አለ» አለችኝ።

«ማን?»

«አቶ ጌጡ። ፒክአፓቸው ነዳጅ አጥቶ ቆሟል። ከሳሽ ከቀረ መዝገቡ ይዘጋብኛል፣ እባክሽ ያድርሰኝ እያሉ ነው።»

እንቅልፌ ያን ጊዜ ነው ጥርግ ብሎ የጠፋው። ትቻቸው ብሄድ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

«ወይዘሮ አስካለ ሰምተዋል?» አልኳት።

«ሰምተዋል» አለች ትርንጎ። «ጠጋ ብለው ቦታ ሰጧቸው።»